ስሪ ፌዝ ማሽን በቤት መብራት ማስነሳት

ስሪ ፌዝ ማሽን ገዝቶ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ወዳለበት ግቢ ማስገባት በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው። ሥራውን የሚዘጋ እንጨት ቤት ፕላነሩን ይሸጣል፤ ከውጭ የገባ ያገለገለ ቶርኖ በደህና ዋጋ ይገኛል፤ ምናለሽ ተራም ገባ ቢሉ ጥሩ ሞተር አይጠፋም። ማሽኑ ተጭኖ ቤት ከደረሰ በኋላ ግን ከቆጣሪው የሚመጣው ሁለት ሽቦ፣ ማሽኑ የሚፈልገው ደግሞ ሦስት ፌዝ መሆኑ ይታያል። ያን ጊዜ መካሪው ይበዛል። አንዱ ካፓሲተር ግዛ ይላል፤ ሌላው ሞተሩን ጣለውና በሲንግል ፌዝ ቀይረው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በቺንጋው አሽከርክረህ አስነሳው ይላል።

ለማንኛቸውም ብር ከማውጣትዎ በፊት የሞተሩን ታርጋ ያንብቡ፣ ሽቦ የሚታሰርበትንም ሳጥን ይክፈቱ። የትኛው መንገድ ለእርስዎ ማሽን እንደሚሆን የሚወሰነው እዚያ ነው። ሞተርዎ ከ2.2 ኪሎዋት ያልበለጠና ለ220 ቮልት በዴልታ የሚታሰር ከሆነ፣ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ሲንግል ፌዝ ተቀብሎ ስሪ ፌዝ የሚያወጣ ድራይቭ መግጠም ነው። የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ስለዚሁ ነው።

ቀድሜ ልንገርዎ፦ ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ ያለውን መስመር የሚዘረጋልዎ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። ከዚያ ወዲህ ያለውንም ቢሆን ራስዎ የሚሠሩት በመልቲሜትር መለካት የሚያውቁ ከሆነ ብቻ ነው።

ሞተሩ ሦስተኛውን ሽቦ ለምን ይፈልጋል

በስሪ ፌዝ መስመር የሦስቱ ሽቦዎች ቮልት እኩል ነው፤ ከፍ የሚሉበት ጊዜ ግን ይለያያል፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው በአንድ ሦስተኛ ዙር ይዘገያል። ስለዚህ በሞተሩ ውስጥ ያሉት ሦስት ጥቅልሎች ተራ በተራ እየበረቱ መግነጢሱን በክብ ያዞሩታል፤ መሀል ያለው ሮተርም እሱን ተከትሎ ይሽከረከራል። ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ ዓይነቱ ሞተር ብሩሽም ሆነ ማስነሻ ካፓሲተር ስለማያስፈልገው እስከ ዛሬ የወርክሾፕ ዋና ጉልበት ሆኖ ቆይቷል።

ሲንግል ፌዝ መግነጢሱን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አያዞረውም። ስሪ ፌዝ ሞተር በሁለት ሽቦ ብቻ ሲሞከር እያጉረመረመ ቆሞ የሚቀረው ለዚህ ነው። ቆሞ ሲያጉረመርም ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ቶሎ ካልተቋረጠ ጥቅልሉ ይነዳል። በቺንጋ አሽከርክሮ ማስነሳት የሚባለው ዘዴ ሞተሩን ሊያዞረው ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ጭነቱ በሦስቱ ጥቅልሎች ላይ እኩል ስለማያርፍ ሥራ ሲሰጡት ይግላል፤ ጣትም በቺንጋና በፑሌጃ መካከል ሊገባ ይችላል። ይህን ዘዴ ማንም ቢመክርዎ አይሞክሩት።

ታርጋውን ማንበብ

ታርጋው በአቧራና በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ያጽዱት፤ በሽቦ ብሩሽ አይፋቁት፤ ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ኪሎዋት፣ ቮልት፣ አምፔርና ኸርዝ።

ወሳኙ የቮልቱ መስመር ነው። 220/380 የሚል ከሆነ ከጎኑም የሦስት ማዕዘንና የኮከብ ምልክት ካለ ደስ ይበልዎት። ትርጉሙ፣ ጥቅልሎቹ እያንዳንዳቸው ለ220 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ በሦስት ማዕዘን፣ ማለትም በዴልታ፣ ከታሰሩ በ220 ይሠራሉ፤ በኮከብ፣ ማለትም በስታር፣ ከታሰሩ ደግሞ በ380 ይሠራሉ። 230/400 የሚለውም ያው ነው። አምፔሩም በሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንድ ባለ 1.5 ኪሎዋት ሞተር 6.1/3.5 አምፔር የሚል ከሆነ፣ ትልቁ ቁጥር በ220፣ ትንሹ በ380 ሲሠራ የሚስበው ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ትልቁ ነው፤ ይጻፉት።

380/660 ወይም 400/690 የሚል ከሆነ ጥቅልሎቹ እያንዳንዳቸው 380 ቮልት ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ከ4 ኪሎዋት ጀምሮ ባሉት ሞተሮች ላይ ይገኛል። 220 በሚያወጣ ድራይቭ ቢያስነሱት ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው እስከ 29 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው፤ ማለትም ከመደበኛ ፍጥነቱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ያበቃል። 220 ተቀብለው 380 የሚያወጡ ድራይቮች ገበያ ላይ አሉ፤ ነገር ግን ቮልቱን ሲያሳድጉ ከመስመርዎ የሚስቡት አምፔር በዚያው ልክ ያድጋል። ሞተሩ አነስተኛ ከሆነ ጠምጣሚ ቤት ወስዶ ለ220 ዴልታ እንደገና ማስጠምጠም ወይም ሞተሩን መለወጥ ይሻላል።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል በኮንቴይነር የገባ ማሽን ከሆነ ታርጋው 230/460 እና 60 ኸርዝ ይላል፤ ከሞተሩም ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ሽቦ ይወጣል። እዚህ ላይ ስታርና ዴልታ ብሎ መገመት አያስፈልግም፤ በታርጋው ወይም በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ባለው ሥዕል መሠረት ለዝቅተኛው ቮልት ያስሩት፤ ድራይቩ ላይ ግን የሞተሩን ኸርዝ 60 ብለው ይሙሉ። ኸርዙን ድራይቩ ራሱ ስለሚያወጣው የእኛ መስመር 50 መሆኑ ችግር አይፈጥርም። ይህ የአሜሪካ ማሽን ላላቸው ሰዎች የድራይቭ ትልቁ ጥቅም ነው።

መስመርዎ ይችላል ወይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞተሩ 6 አምፔር ስለሚል ከመስመሩም 6 አምፔር የሚወስድ ይመስላል። ግን በሦስት ሽቦ ይገባ የነበረው ኃይል አሁን በአንድ ፌዝ ሊገባ ነው፤ በዚያ ላይ ድራይቩ ኤሌክትሪኩን ከሞገዱ ጫፍ ጫፍ ላይ እየቆረሰ ነው የሚስበው። ስለዚህ ባለ 1.5 ኪሎዋት ሞተር የሚነዳ ድራይቭ ሙሉ ጭነት ላይ ከመስመሩ ከ14 እስከ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 2.2 ደግሞ እስከ 24 ይደርሳል። ባለ 0.75 የሆነው ከ8 እስከ 9 ነው።

በግድግዳ ሶኬት አይሰኩት። ከፓኔሉ የራሱ ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይዘርጉለት፤ ለ1.5 ኪሎዋት ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር፣ ለ2.2 ባለ 6 ካሬና 32 አምፔር። ርቀቱ ከ30 ሜትር ከበለጠ ሽቦውን አንድ ደረጃ ያወፍሩት።

ከዚያ ቮልቱን ይለኩ፤ በቀን ሳይሆን ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት። ከ200 በታች እየወረደ ከሆነ ድራይቩ ቮልት አነሰ ብሎ ደጋግሞ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ16 አምፔር በላይ ስለሚወስድ፣ በአንድ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ላይ እንጀራ እየተጋገረ ፕላነር አይሠራም። ይህን ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል።

ከ3 ኪሎዋት ወደ ላይ ሲሆን ግምገማው ይለወጣል። 4 ኪሎዋት ሞተር በድራይቭ ከ40 አምፔር ያላነሰ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከ10 ኪሎዋት በላይ የሆነ የእህል ወፍጮማ ጭራሽ አይታሰብም። እንዲህ ከሆነ ገንዘብዎን በመቀየሪያ ላይ አያጥፉ፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የስሪ ፌዝ ቆጣሪ ጥያቄ ያቅርቡ። ወረፋው ቢያንገሸግሽም ለትልቅ ሞተር ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም።

ስለ ኧርዝ ሳልናገር አላልፍም። በብዙ ግቢዎቻችን የኧርዝ ሽቦ የለም፤ ካለም የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው መሬት ውስጥ አስቀብረው ከፓኔሉ፣ ከድራይቩና ከማሽኑ ብረት ጋር ያገናኙ። ኒውትራሉን ከማሽኑ ገላ ጋር አስረው ኧርዝ አለኝ እንዳይሉ፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ ቀን የማሽኑ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ እጅዎ ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ዴልታ መቀየር

ማሽኑን ከማንኛውም መስመር ያላቅቁ፤ በቴስተር ያረጋግጡ። ከሞተሩ ጎን ወይም ራስ ላይ ያለውን ትንሽ ሳጥን አራት ቪት ፈትተው ክዳኑን ያንሱ። ምንም ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ውስጡ ሁለት ረድፍ፣ በረድፉ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ቡሎን ያያሉ። የላይኞቹ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1 ናቸው፤ ከሥራቸው ደግሞ ደብልዩ2፣ ዩ2፣ ቪ2 በዚህ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ቅደም ተከተሉ የተዛባ ሊመስልዎ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ነው የተደረገው። ሞተሩ በ380 ሲሠራ ከነበረ፣ ጠፍጣፋ የነሐስ ማያያዣዎች ከታች ያሉትን ሦስቱን ቡሎኖች አግድም አገናኝተዋቸዋል፤ ይህ ስታር ነው። ዳዶዎቹን ፈትተው ማያያዣዎቹን ያውጡ፤ አሁን ቁም ያድርጓቸው፤ ዩ1ን ከደብልዩ2፣ ቪ1ን ከዩ2፣ ደብልዩ1ን ከቪ2 ጋር። ሦስት ቋሚ ማያያዣ ሲያዩ ሞተሩ ዴልታ ሆኗል። ማያያዣው የጠቆረ ወይም የዛገ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፤ ዋሸሮቹን መልሰው ዳዶውን በደንብ ያጥብቁ። የላላ ዳዶ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም አንዱን ፌዝ ያጠፋል።

ሳጥኑን ሲከፍቱ ሦስት ሽቦ ብቻ ካገኙ ስታሩ ሞተሩ ውስጥ ታስሯል ማለት ነው። ልምድ ያለው ጠምጣሚ ሞተሩን ከፍቶ፣ ሦስቱ ጫፎች የተገናኙበትን ቦታ ከጥቅልሉ ራስ ላይ ፈልጎ፣ ለያይቶ ስድስቱንም ጫፍ ሊያወጣልዎ ይችላል። ጥቅልሉ የደረቀና የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ካልተጠመጠመ በቀር አይነካም ይልዎታል፤ ይመኑት።

ሽቦ ከመቀጠልዎ በፊት ሁለት መለኪያ አለ። በመልቲሜትር በዩ1ና ቪ1፣ በቪ1ና ደብልዩ1፣ በደብልዩ1ና ዩ1 መካከል ያለውን ኦም ይለኩ፤ ሦስቱም ሊቀራረቡ ይገባል፤ አንዱ በግልጽ ከተለየ ጥቅልሉ ተጎድቷል። ቀጥሎ በ500 ቮልት ሜገር በጥቅልሉና በሞተሩ ገላ መካከል ይለኩ፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ሞተሩ እርጥበት ስቧል ወይም ሽፋኑ ሞቷል። ክረምቱን መጋዘን ያሳለፈ ሞተር ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው። ክዳኑን ከፍተው በጥሩ ፀሐይ ለጥቂት ቀናት ያድርቁትና እንደገና ይለኩ። ሜገሩን ድራይቭ ከተያያዘ በኋላ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ድራይቩን ያበላሸዋል።

እግረ መንገድዎን ሮተሩን በእጅ ያዙሩት። የሚንኮሻኮሽ ኩሽኔታ ካለ አሁኑኑ ያስለውጡ፤ ኋላ ሞተሩ ብዙ አምፔር ሳበ ብለው ድራይቩን ሲወቅሱ እንዳይገኙ።

ድራይቩን መግዛትና ማሰር

ሲገዙ በኪሎዋቱ ሳይሆን በአምፔሩ ይግዙ። ድራይቩ የሚያወጣው አምፔር ታርጋው ላይ ከጻፉት ትልቁ ቁጥር ማነስ የለበትም። ለ6.1 አምፔር ሞተር 7 ወይም 7.5 የሚያወጣ ይበቃል። ከባድ ነገር ይዞ የሚነሳ ማሽን፣ ለምሳሌ ኮምፕሬሰር ወይም ወፍራም ዲስክ ያለው መጋዝ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ። በካርቶኑ ሳይሆን በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ግብዓቱ ሲንግል ፌዝ 220፣ ውጤቱ ስሪ ፌዝ 220 ማለት አለበት። ሻጮች ኢንቨርተር ብለው ስለሚጠሩት ለሶላር ከሚሸጠው ጋር እንዳይቀላቀልብዎ የሞተር ድራይቭ ብለው ይጠይቁ። መመሪያ መጽሐፉ ካልተሰጠዎ አይግዙት፤ ያለ እሱ ቁጥሮቹን መሙላት አይችሉም።

አስተሳሰሩ ቀላል ነው። ፌዝና ኒውትራል ወደ ግብዓቱ ይገባሉ፤ ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ ከሚሉት ሦስት መውጫዎች ወደ ሞተሩ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1 ይሄዳል፤ ኧርዙ ከሁለቱም ጋር ይታሰራል። ሁለት ነገር ግን በጥብቅ ይያዙ። የመጀመሪያው፣ መስመሩን በስሕተት በመውጫው በኩል ካስገቡ ድራይቩ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል፤ ብሬከሩን ከመክፈትዎ በፊት በጣትዎ እየተከተሉ እያንዳንዱን ሽቦ ያረጋግጡ። ሁለተኛው፣ በድራይቩና በሞተሩ መካከል ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ኮንታክተር እንዳይኖር፤ እየሠራ ሳለ መሀል ላይ ከተቋረጠ የድራይቩ ውስጥ ይጎዳል። አንድ ድራይቭ ለአንድ ሞተር ነው።

ድራይቩ ውስጥ 310 ቮልት ገደማ የያዙ ካፓሲተሮች አሉ። ብሬከሩን ከዘጉ በኋላም ቮልቱ ወዲያው አይጠፋም። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ፤ ካልተጻፈ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያም ለክተው ብቻ ይንኩ።

ከድራይቩ እስከ ሞተሩ ያለው ሽቦ ባጠረ ቁጥር ለአሮጌ ሞተር ጥሩ ነው፤ ከ10 ሜትር እንዳይዘል። እንጨት ቤት ከሆነ ድራይቩን ክፍት ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። የመጋዝ ዱቄት በማራገቢያው ገብቶ ያፍነዋል። ሰፋ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው አየር መግቢያውን በወንፊትና በስፖንጅ ይሸፍኑ፤ ስፖንጁን በየሳምንቱ ያራግፉ።

ቁጥሮቹን መሙላት

ድራይቩ ከፋብሪካ የሚወጣው ለማንም ሞተር በሚሆን ግምት ነው። ለእርስዎ ሞተር እንዲሆን ከታርጋው ላይ ያለውን ይንገሩት፦ ቮልት 220፣ አምፔር በዴልታ ያለው፣ ኸርዝ፣ ዙር በደቂቃ። አምፔሩን በትክክል መሙላት በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲጫን ድራይቩ የሚያቆመው በዚህ ቁጥር ተመርቶ ነውና የኦቨርሎድን ሥራ ይሠራል።

የመነሻ ጊዜውን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ያድርጉት። ስሪ ፌዝ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ አምፔር ይስብ ነበር፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የቤትዎ መብራት አይጨልምም። የማቆሚያ ጊዜው ላይ አይቸኩሉ። ከባድ መጋዝ በ1 ሰከንድ አቁም ቢሉት፣ የሚሽከረከረው ክብደት ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ድራይቩ ይመልሳል፤ ድራይቩም ቮልት በዛ ብሎ ራሱን ይዘጋል። 10 ሰከንድ ይስጡት።

ከፍተኛውን ኸርዝ ታርጋው ካለው አያሳልፉ፤ መጋዝና ሞላ የሚችሉት ዙር ላያቸው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ ሊፈነዱ ይችላሉ። ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ለቶርኖ ባለቤት ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ቺንጋ ሳይቀይር ፍጥነት ያስተካክላል። ግን ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን ኃይሉም ግማሽ ይሆናል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም በራሱ ዘንግ ላይ ስለሆነ ከ25 ኸርዝ በታች ረጅም ሰዓት በጭነት ከሠራ ይግላል። በዝግታ ወፍራም ብረት ለመቁረጥ ጊርና ፑሌጃዎን ይጠቀሙ፤ ድራይቩን ለማስተካከያ ይተዉት።

የማሽኑ የራሱ ቁልፎች

አረንጓዴና ቀይ ቁልፉ ያለበት የማሽኑ ሳጥን ውስጥ ኮንታክተር አለ። የኮንታክተሩ ኮይል ለ380 ከተሠራ በ220 ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጨብጥም። ከ380 ወደ 24 የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመርም ካለ አሁን የሚሰጠው 14 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። እነዚህን ከማስተካከል ይልቅ ማውጣት ይሻላል፤ አረንጓዴውንና ቀዩን ቁልፍ በቀጥታ ወደ ድራይቩ ትንንሽ የመቆጣጠሪያ ተርሚናሎች ይውሰዱ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ግን ይቆይ፤ እሱንም ከድራይቩ ጋር ያገናኙት። ማሽኑ የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፕ ካለው ለእሱ የተለየ ትንሽ ሲንግል ፌዝ ፓምፕ ይግዙለት።

እኛ አገር መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም፤ እጅዎ መጋዙ አጠገብ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴው ቁልፍ ተጭኖ የሚቀር ሳይሆን ተጭኖ የሚመለስ ይሁን፤ በራስ መነሳትን የሚፈቅደውንም ቁጥር ዝግ ያድርጉት። ከዚያ ይፈትኑት፦ ማሽኑ እየሠራ ብሬከሩን ይዝጉ፣ የድራይቩ ስክሪን እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ መልሰው ይክፈቱ። ከተነሳ ሥራው አልተጠናቀቀም።

የመጀመሪያው ማስነሳት

ቺንጋውን አውልቀው ሞተሩን ባዶውን ያስነሱ። በ10 ኸርዝ ይጀምሩ። አዟዟሩ የተገላቢጦሽ ከሆነ ዘግተው፣ ጠብቀው፣ ከመውጫው ሁለቱን ሽቦ ያቀያይሩ። ቀስ እያሉ ወደ 50 ያድርሱት፤ አምፔሩን ከድራይቩ ስክሪን ያንብቡ። ባዶውን ከታርጋው አምፔር ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ማለት አለበት። ሩብ ሰዓት አስኪደው ገላውን ይዳስሱ፤ ሞቅ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ባዶውን ያን ያህል መጋሉ ጤና አይደለም። ከዚያ ቺንጋውን አስገብተው በቀላል ሥራ፣ ቀጥሎ በከባድ ይፈትኑ። በከባዱ ሥራ ላይም አምፔሩ ከታርጋው እንዳያልፍ ይመልከቱ።

ካፓሲተር መቼ ይበቃል

ከድራይቩ በፊት ሰዎች የሚያውቁት መንገድ ካፓሲተር ነበር፤ ከጀርመን ወደ አሜሪካ በተሰደደው መሐንዲስ በቻርለስ ስታይንሜትስ ስም ይጠራል። ሞተሩ ያው ዴልታ ይታሰራል፤ ፌዝ ዩ1 ላይ፣ ኒውትራል ቪ1 ላይ ይገባል፤ ካፓሲተሩ በደብልዩ1ና ከሁለቱ በአንዱ መካከል ይታሰራል። ወደ ሌላኛው ቢያዛውሩት ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። መጠኑ ለአንድ ኪሎዋት 70 ማይክሮፋራድ ገደማ ነው፤ ለ0.75 ኪሎዋት 50 ይበቃል። ለዘወትር ሥራ የተሠራ፣ 450 ቮልት ተለዋጭ የሚችል ዓይነት ይሁን።

የሚያገኙት ኃይል ከሞተሩ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ የመነሻ ጉልበቱ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ለትንሽ ማራገቢያ፣ ለሞረድ፣ ባዶውን ለሚነሳ መሰርሰሪያ ይሆናል። ጭነት ይዞ የሚነሳ ከሆነ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ የሚገባ ተጨማሪ ማስነሻ ካፓሲተር ያስፈልገዋል፤ እሱ ሳይወጣ ከቀረ ይፈነዳል። በካፓሲተር የሚሠራ ሞተር ባዶውን ለረጅም ጊዜ አይተዉት፤ ከጭነት ይልቅ ያለ ጭነት ሊግል ይችላል። ሲዘጉም ካፓሲተሩ ቮልት ይዞ ስለሚቀር ማፍሰሻ ሬዚስተር ይሰሩለት። ከ1.5 ኪሎዋት በላይ በዚህ መንገድ መሄድን አልመክርም።

ብዙ ማሽን ያለው ወርክሾፕ ሌላ አማራጭ አለው። አንድ ትልቅ ስሪ ፌዝ ሞተር በካፓሲተር አስነስተው ያለ ሥራ እንዲዞር ይተዉታል፤ እሱ የሚያመነጨው ሦስተኛ ፌዝ ሌሎቹን ያስነሳል። ይህ ሞተር ከሚነሳው ትልቁ ማሽን አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል፤ ሌሎቹ ሞተሮች ዴልታ መሆናቸውም ግድ ነው።

ሞተር የሌላቸው ዕቃዎች

ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ከሞተር ይቀላል፤ አደጋው ግን ይበልጥ ድብቅ ነው። ሦስት ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያዎች ያሉት ምድጃ በስሪ ፌዝ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ፌዝ 9 አምፔር ይወስዳል፤ ጭነቱ እኩል ስለሆነ በኒውትራሉ ምንም አይሄድም። ማሞቂያዎቹ እያንዳንዳቸው በፌዝና በኒውትራል መካከል ከሆኑ ሦስቱን መግቢያዎች አንድ ላይ አገናኝቶ በአንድ ፌዝ ማስነሳት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን 27 አምፔሩ በሙሉ በኒውትራሉም ይመለሳል። ቀድሞ ባዶ የነበረው ቀጭን የኒውትራል ሽቦ ይነዳል፤ ሽቦው በሙሉ መወፈር አለበት። መስመርዎ ይህን ካልቻለ ሁለቱን ማሞቂያ ብቻ ያገናኙ፤ ምድጃው ለመሞቅ ይቆያል እንጂ ይሠራል። ማሞቂያዎቹ ለ380 የተሠሩ ከሆኑ በ220 የሚሰጡት ሙቀት አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ መለወጥ አለባቸው።

ባለ ትራንስፎርመር የብየዳ ማሽን ብዙ ጊዜ ምንም መቀየሪያ አያስፈልገውም፤ 220 እና 380 የሚል መምረጫ ወይም የሚዛወር ማያያዣ አለው። ወደ 220 አዛውረው የመስመሩን አቅም ብቻ ያረጋግጡ።

ሥራው ሲያልቅ በማሽኑ መግቢያ ላይ በማይለቅ ቀለም በጉልህ ይጻፉ፦ «ሞተሩ ዴልታ ነው፤ 220 ቮልት ብቻ፤ 380 አይገናኝም»። ከዓመታት በኋላ ማሽኑን ሲሸጡት ወይም ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ሲገባልዎ፣ ይህን ጽሑፍ ያላየ ሰው ከ380 መስመር ጋር ያገናኘውና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።